ለምን ጎንበስ አሉ?

ፖሊስ ሰው ሲጎዳ ጉዳዩን የሚያጣራው መሥሪያ ቤት ለጋዜጠኞች የሚልከው መግለጫ አጭር ነው። የተጎጂው ዕድሜ፣ ጾታ፣ የጉዳቱ ዓይነት፣ ቦታው። የቆዳ ቀለም አይጠቀስም። ቶሮንቶ ውስጥ ለአንድ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ፍርድ ቤት በዘገብኩባቸው ዓመታት እሱን የማውቀው ኮሪደር ላይ ነበር። ፖሊስ የተከሰሰበት ችሎት ከመከፈቱ ግማሽ ሰዓት አስቀድሜ እደርስና ከበሩ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ የተቀመጠውን ቤተሰብ አያለሁ። ብዙውን ጊዜ ጥቁር ነው። ከጃማይካ፣ ከጋና፣ ከሶማሊያ የመጡ እናቶች፣ እዚሁ የተወለዱ ልጆቻቸው። ነጭ ሲሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ የአእምሮ ሕመም ያለበት ወይም ቤት የሌለው ሰው ነው። ማስታወሻዬ ላይ እጽፈዋለሁ። ጋዜጣው ላይ አይወጣም።

የጋዜጣው ደንብ ግልጽ ነበር። የአንድ ሰው ዘር የሚጻፈው ለጉዳዩ አስፈላጊ ሲሆን ነው፤ አስፈላጊ ነው የሚባለው ደግሞ ችሎት ውስጥ አንድ ሰው ሲያነሳው ነው። ችሎት ውስጥ የሚያነሳው የለም። ደንቡን አልጠላሁትም። ደንብ የሌለው ጋዜጣ ምን እንደሚመስል አዲስ አበባ ሠርቼ አይቻለሁ። ከጋዜጣው ደንብ ሌላ የራሴም አንድ ነበረኝ፤ በምዘግበው ጉዳይ ውስጥ እጄን አላስገባም።

ኤግሊንተን ዌስት የሚባለው ጎዳና ለከተማው ባቡር ተቆፋፍሮ አውቶቡሶች በየሰፈሩ ይዞሩ በነበረበት ዓመት፣ ኅዳር ውስጥ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ዘግይቼ ደረስኩ። በእጄ የነበረው መግለጫ «ወንድ፣ ስልሳ አንድ ዓመት፣ የእጅ አንጓ ስብራት፣ የዌስተን አካባቢ» ይላል። አግዳሚው ላይ ኮትና ክራቫት ያደረጉ አጭር ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት። ገና ሳይናገሩ የአገሬ ሰው መሆናቸውን አወቅኩ።

«ሐበሻ ነህ?» አሉኝ።

«ነኝ፣ ጋሼ።»

«ጠበቃ?»

«ጋዜጠኛ ነኝ።»

«እኔ ደሴ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬአለሁ» አሉ። «ጋዜጠኛ የሚሆኑት ካርታ ማንበብ የሚያቅታቸው ነበሩ። ለዚህ ነው ያረፈድከው።»

«አባ! ፕሊስ» አለች ልጃቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም። ቀልዱን የተናገሩት ክፍል ውስጥ ተማሪ እንደሚያረጋጉ ዓይነት ነው፤ እኔን ሳይሆን ራሳቸውን ይመስለኛል።

ልጃቸው በስፖንሰር ካመጣቻቸው አራት ዓመታቸው ነበር። ዌስተን ውስጥ በአንድ የኪራይ ሕንፃ አሥራ አንደኛ ፎቅ ከእሷ ጋር ይኖራሉ፤ ነርሲንግ ሆም በሚሉት አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ይሠራሉ። ጉዳዩ እንዲህ ነው። በፊተኛው መጋቢት ከጠዋት ሥራ ተመልሰው ሎቢው ውስጥ ሊፍት ሲጠብቁ ሁለት ፖሊሶች ገቡ። ሰው ይፈልጋሉ። የሚፈልጉት፣ በኋላ ችሎት ላይ እንደተነገረው፣ ሃያዎቹ ውስጥ ያለ፣ ረጅም፣ ኮፍያ ያለው ጃኬት የለበሰ ወጣት ነው። እሳቸው ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው፣ አጭር ናቸው፣ የለበሱት ኮት ነበር። ከወጣቱ ጋር የሚያመሳስላቸው ምን እንደነበረ በአራቱ የችሎት ቀናት ውስጥ ማንም አልጠየቀም።

አንደኛው ፖሊስ መታወቂያ ጠየቃቸው። አውጥተው ሰጡ። በሚቀጥለው ሰከንድ ወለሉ ላይ ነበሩ፤ የፖሊሱ ጉልበት ጀርባቸው ላይ፣ ቀኝ እጃቸው ከሆዳቸው ሥር ተጣጥፎ። ሆስፒታል ተወሰዱና እዚያው አልጋቸው ላይ ሳሉ ፖሊስ ላይ እጅ በማንሳት ተከሰሱ። ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ፖሊሱ ራሱ አካል በማጉደል ተከሰሰ።

የእሳቸው ክስ ግን አልተነሳም። የፖሊሱ ፍርድ እስኪታወቅ በቀጠሮ ተንጠለጠለ። ፖሊሱ «ሰውዬው ተንደርድረው መጡብኝ» ይላል። ዳኛው ይህን ካመኑ የእሳቸው ክስ ይቀጥላል። ሽማግሌው ከተፈረደባቸው ሥራቸው ያበቃል፤ ነርሲንግ ሆሙ ሠራተኞቹን በየጊዜው ከፖሊስ የማጣሪያ ወረቀት እንዲያመጡ ያደርጋል። የዜግነት ማመልከቻቸውም ተይዟል። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ልጃቸው ናት። እሳቸው የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «እኔ ሰው መትቼ አላውቅም። ተማሪ እንኳን።»

የመጀመሪያው ቀን በሐኪሞች ቃል አለቀ። በሁለተኛው ቀን ዐቃቤ ሕጓ የሎቢውን ካሜራ ቅጂ አሳየች። ካሜራው ከሊፍቱ በላይ ነው፤ ድምፅ የለውም። ስክሪኑ ላይ ሽማግሌው ካርዱን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። በቀኝ እጃቸው ያዙት፤ በግራ እጃቸው የቀኙን ክንድ ደገፉ፤ አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ ጎንበስ ብለው፣ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዱ። ከዚያ ወለሉ ላይ ናቸው።

ሰው ለሚያከብረው ሰው ዕቃ ሲያቀብል እንደዚያ ነው። እኔም ያደግኩት እንደዚያ እያቀበልኩ ነው። ማስታወሻዬን ዘግቼ ቀና ስል የፍርድ ቤቱን አስተርጓሚ አየኋት። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል ያደረገች፣ በኔ ዕድሜ ያለች ሐበሻ ሴት ናት። ስክሪኑን ታያለች። እሷም አውቃለች። ነገር ግን ቃል የገባችው የተነገረውን ብቻ ልትተረጉም ነው፤ የታየውን አይደለም። በዚያ ክፍል ውስጥ ያንን አኳኋን የምናውቅ አራት ሰዎች ነበርን፤ ሽማግሌው፣ ልጃቸው፣ አስተርጓሚዋና እኔ። ከአራታችን መናገር የሚፈቀድለት አንድ ብቻ ነበር።

የፖሊሱ ጠበቃ መስቀለኛ ጥያቄ ጀመረ። ቅጂውን ቀስ ብሎ እንዲሄድ አድርጎ አራት ጊዜ አሳየ።

«ወደ ደንበኛዬ አንድ እርምጃ ተራምደዋል?»

«አዎ።»

«ሁለቱም እጆችዎ ወደ ፊት ነበሩ?»

«አዎ።»

«ራስዎን ዝቅ አድርገው ነበር?»

«አዎ፣ ጎንበስ ብያለሁ።»

«አመሰግናለሁ» አለ ጠበቃው።

 የችሎቱ ጸሐፊ ውኃ ስትሰጣቸው ሽማግሌው በዚያው በሁለት እጃቸው፣ ጎንበስ ብለው ተቀበሏት። ዳኛውን አየሁ። እየጻፉ ነበር።

ምሳ ሰዓት ሽማግሌው ከማንም ጋር ስለ ምስክርነታቸው እንዳይነጋገሩ ታዝዘው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ብቻቸውን ተቀመጡ። ልጃቸው ወደ እኔ መጣች።

«አይተዋል አይደል?» አለችኝ።

«አይቻለሁ።»

«እሱ እኮ አይናገርም። አባቴን አያውቁትም። ሰው አከበርኩ ብሎ ስለ ራሱ ማውራት ያሳፍረዋል። ይሄ እንዴት ይነገራል ነው የሚለው። እርስዎ ለፕሮሲኪዩተሯ ይንገሯት፤ እርስዎን ታውቅዎታለች።»

«ለምን አንቺ አትነግሪያትም?»

«ጠዋት በዕረፍቱ ነገርኳት። ‹ቤተሰብ ነሽ፣ አንቺ ጥሩ ብትዪ አይገርምም› ነው ያለችኝ። በጨዋ አነጋገር።»

«እኔ ዘጋቢ ነኝ። በምዘግበው ጉዳይ ውስጥ አልገባም።»

ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አነሳች።

«ኦኬ» አለች። «እንግዲያው ዝም ብለው ዋች ያድርጉ።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ስንት ቤተሰብ እንደዚያ ለምኖኝ እንደነበረ አላውቅም። አንዳቸውንም ሰምቼ አላውቅም። እሷን ለምን እንደሰማኋት እዚህ ላይ ማብራሪያ ብጽፍ እውነት አይሆንም። ምድር ቤት ያለው ካፌ ወርጄ ዐቃቤ ሕጓን ሰልፍ ላይ አገኘኋት። በሦስት ዐረፍተ ነገር ነገርኳት። ሳንድዊቿን ይዛ ሰማችኝ። ምስክሩ መስቀለኛ ጥያቄ ላይ ስለሆኑ ልታነጋግራቸው እንደማትችል፣ የባህል ባለሙያ ለማስመጣትም ጊዜው እንዳለፈ ነገረችኝ። ከጠበቃው በኋላ ግን ድጋሚ ጥያቄ መጠየቅ ትችላለች።

«ምን ብዬ ልጠይቃቸው?» አለች።

«ለምን ጎንበስ እንዳሉ ይጠይቋቸው።»

በአፍ መጥረጊያ ወረቀቱ ላይ ጻፈችው። ቃሉ የእኔ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ተነስታ በዚያው ቃል ጠየቀቻቸው። አስተርጓሚዋ ቀስ ብላ፣ አንድም ሳታጎድል ተረጎመችው፤ «ለምን ጎንበስ አሉ?» ሽማግሌው ክራቫታቸውን አስተካከሉ። ጥያቄው የገረማቸው ይመስላል። ወደ አስተርጓሚዋ ዞረው፣

«ፖሊስ ስለሆነ» አሉ።

አስተርጓሚዋ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ጠበቀች፤ የሚከተል ነገር እንዳለ። የሚከተል አልነበረም። ተረጎመችው። ዐቃቤ ሕጓ ወረቀቷን ተመለከተች። ሌላ ጥያቄ ትጠይቃለች ብዬ ብዕሬን ያዝኩ። ተቀመጠች።

ለእሳቸው ሙሉ መልስ ነበር። ፖሊስ የመንግሥት ሰው ነው፤ ለመንግሥት ሰው ጎንበስ ተብሎ ይሰጣል፤ ተፈጸመ። ከተጠየቀው በላይ የሚመልስ ተማሪ ይወዱ እንዳልነበረ ገምቻለሁ። የፖሊሱ ጠበቃ ግን ጻፈው፤ ጽፎም ከሥሩ ሲያሰምር ከመቀመጫዬ አየሁ።

በአሥራ አንድ ሰዓት ግድም ለአርታኢዬ ደወልኩ። ዜናውን አንብቦት ነበር።

«ጎንበስ ያሉት ለአክብሮት ነው የሚለውን ከየት አመጣኸው?» አለኝ።

«ከአገሬ።»

«ምስክሩ ብሏል?»

«አላለም።»

«ባለሙያ ብሏል?»

«አላለም።»

«ታዲያ?»

«እሺ፣ አውጣው።»

«‹ጥቁር› የሚለውንስ ማን አለ?»

«ማንም።»

«ፎቶ አለን?»

«ችሎት ውስጥ ፎቶ አይነሳም፤ ታውቃለህ።»

«እንግዲያው እሱም ይወጣል። አትቀየመኝ፤ ደንቡን አንተም ታውቀዋለህ።»

አልተቀየምኩም። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም አወጣው ነበር። በማግሥቱ በወጣው ጋዜጣ ላይ አንድ የስልሳ አንድ ዓመት ሰው አንድን ፖሊስ ሎቢ ውስጥ አግኝተው እጃቸው ተሰበረ። አንባቢው የፈለገውን ሰው በአእምሮው መሳል ይችላል።

በሦስተኛው ቀን ፖሊሱ ራሱ መሰከረ። ወጣት ነው፤ ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ሁለት ልጆች አሉት። ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሲመጡበት በራሳቸው ሊመቱት መሰለው። መሣሪያውንም ለመንጠቅ ሊሆን ይችላል። ፈርቶ ነበር። ፈርቶ ነበር ሲል አመንኩት። ምን እንዳስፈራው የጠየቀው የለም። ከኋላው ያሉትን አግዳሚዎች የሥራ ባልደረቦቹ ሞልተዋቸው ነበር፤ ከመካከላቸው አንዱ ጥቁር ነበር፤ ቅጂው እንደገና ሲታይ አቀርቅሮ የራሱን ጉልበት ያይ ነበር። ምናልባት ደክሞት ይሆናል። ያንንም ጻፍኩት፤ ምንም ትርጉም ሳልሰጠው።

በአራተኛው ቀን የፖሊሱ ጠበቃ የመጨረሻ ንግግሩን አደረገ። «ምስክሩ ወደ ደንበኛዬ ለምን እንደዚያ አድርገው እንደሄዱ መገመት አያስፈልገንም» አለ። «የዐቃቤ ሕግ ጥያቄ ነው፤ ምስክሩ ራሳቸው መለሱት። ፖሊስ ስለሆነ። ሌላ ምክንያት አልሰጡም።»

ሽማግሌው በዚያን ጊዜ ከልጃቸው ጎን ተቀምጠዋል። ምስክርነታቸው አልቆ አስተርጓሚዋ ስለሄደች ልጃቸው በሹክሹክታ ተረጎመችላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ትክክል ነው፣ እንደዚያ ብያለሁ፣ እንደማለት። ያን ዕለት ማታ አራቱን ቀን የጻፍኩትን ማስታወሻ ገጽ በገጽ ሄድኩበት። «ጥቁር» የሚለው ቃል ከማንም አፍ አልወጣም። ከዳኛው፣ ከዐቃቤ ሕጓ፣ ከጠበቃው፣ ከፖሊሱ፣ ከሽማግሌውም።

ፍርዱ የተነበበው ጥር ላይ ነው። ዳኛው ጉዳቱ እንደሚያሳዝናቸው ተናገሩ። ኃይሉ የበዛ ሊሆን ይችላል አሉ። ነገር ግን ድምፅ የሌለው ቅጂው ለሁለት ትርጉም የተጋለጠ መሆኑን፣ የምስክሩም የራሳቸው ቃል ጥርጣሬውን እንዳላስወገደው፣ ፖሊሱ እንደሚመቱት ከልቡ አምኖ ሊሆን እንደሚችል አነበቡ። ነፃ ነው። ባልደረቦቹ ኮሪደሩ ላይ ተቃቀፉ። ዐቃቤ ሕጓ በአጠገቤ ስታልፍ «ይቅርታ» አለችኝ፤ ለምን ለእኔ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ለጋዜጣው አሥራ አንድ መስመር ላክሁ፤ ዘጠኙ ወጣ።

በሳምንቱ ሽማግሌው ራሳቸው ደወሉልኝ። ዌስተን ሮድ ላይ ያለ ዶናት ቤት ተገናኘን። ቀድመውኝ ደርሰው ነበር። ሻይ አዘው፣ የእኔንም ከፍለው ጠበቁኝ።

ጠበቃቸው ሁለት መንገድ እንዳለ ነግሯቸዋል። አንደኛው በራሳቸው ክስ መከራከር ነው። ያኔ ባለሙያም ይጠራል፣ ጎንበስ ማለት ምን እንደሆነ በሥርዓቱ ይነገራል። ግን አንድ ዳኛ የፖሊሱ ቃል እውነት ሊሆን ይችላል ብሎ ከፈረደ በኋላ ውጤቱ ምን እንደሚሆን አይታወቅም። ሁለተኛው «ፒስ ቦንድ» የሚሉት ነው፤ ለአንድ ዓመት ሰላም እንደሚጠብቁና ወደ ፖሊሱ እንደማይቀርቡ ፈርመው ክሱ ይነሳል። ጥፋተኛ ነኝ ማለት አይደለም።

ምክሬን ሊጠይቁ እንደሆነ ገባኝ። ከዚያ በፊት የሚነገር ነገር ነበረኝ።

«ጋሼ፣ ያንን ጥያቄ ለዐቃቤ ሕጓ የሰጠኋት እኔ ነኝ።»

«የትኛውን?»

«ለምን ጎንበስ አሉ የሚለውን።»

ሻያቸውን አማሰሉ።

«ጥሩ ጥያቄ ነበር» አሉ። «ምን እንድመልስ ፈልገህ ነው?»

«ለሰው ዕቃ ሲሰጥ እንደዚያ ነው፣ አክብሬው ነው፣ እንዲሉ።»

«እሱማ ይታያል እኮ!»

«ለእነሱ አይታይም።»

«ታዲያ አሳያቸው አልተባልኩም። ለምን ተባልኩ። ለምን ለሚለው ደግሞ መለስኩ። ለሕፃን የሚነገር ነገር ነው። ልጅ እያለን በኩርኩም የተማርነውን ዳኛ ፊት ቆሜ፣ እኔ ጨዋ ነኝ፣ ሰው አክባሪ ነኝ ልበል? ባለጌ ነው እንደዚያ የሚለው።»

ሻዬን ወደ ራሴ ሳብኩት።

«እና አሁን ምን ላድርግ ትላለህ?» አሉኝ። «ልከራከር ወይስ ልፈርም?»

«ጠበቃዎን ያማክሩ፣ ጋሼ።»

«ጠበቃዬን አማክሬአለሁ። ልጄንም አማክሬአለሁ። አንተን ነው የጠየቅኩህ።»

«እኔ በዚህ ላይ ምንም ማለት አልችልም።»

ሳቁ። ባወቅኳቸው ጊዜ ሁሉ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ጥያቄ ሲወጣ እጅህ ነበረበት» አሉ። «መልስ ሲፈለግ ዘጋቢ ሆንክ።»

ከዚያ ስለ ማጠቢያ ማሽኖቹ አወሩኝ። አንዱ ስለተበላሸ ሰኞ ዕለት የአንሶላ ክምር እንደሚጠብቃቸው። ስለ ጉዳዩ ሌላ አላነሱም። እኔም አላነሳሁም። ልከራከር ብለው ቢሆን ያሸንፉ እንደነበረ አላውቅም፤ ተከራከሩ ብያቸው ቢሆንም ይሰሙኝ እንደነበረ አላውቅም። የማውቀው ምንም እንዳላልኳቸው ነው።

የካቲት ላይ ፈረሙ። ችሎቱ ውስጥ ልጃቸው፣ እኔና የራሱን ተራ የሚጠብቅ አንድ ሰው ነበርን። አስተርጓሚ አልፈለጉም። ዳኛዋ፣ የዚህ ጊዜዋ ሴት ናት፣ ሁኔታዎቹን አነበበችላቸው። ከፖሊሱ ሃያ አምስት ሜትር እንዲርቁ፣ እንዳያነጋግሩት፣ መሣሪያ እንዳይዙ። ገብቶዎታል ወይ አለች። ገብቶኛል አሉ። ከዚያ እጃቸውን አወጡ፤ ተማሪ እንደሚያወጣው።

«ጥያቄ አለኝ» አሉ በእንግሊዝኛ። «ፖሊሱ እኔ የምኖርበት ሕንፃ ከመጣስ?»

ዳኛዋ የእሳቸውን ጠበቃ ተመለከተች። ጠበቃው ተነስቶ፣ ደንበኛው ከቦታው ይሄዳሉ አለ።

«ሊፍት እየጠበቅኩ ከሆነስ?»

«ከዚያ ይሄዳሉ» አለች ዳኛዋ። «እርስዎ ነዎት የሚሄዱት።»

አሰቡበት።

«እሺ» አሉ። «ደረጃ አለ።»

ጸሐፊዋ የሚፈርሙበት እዚህ ጋ ነው ብላ አሳየቻቸው። የተሰበረው አንጓ በደንብ ስላልታጠፈላቸው ቀስ ብለው ፈረሙ፤ ስማቸውን ከነአባታቸው ስም፣ በአማርኛ ፊደል፣ ጥርት ባለ የአስተማሪ ጽሕፈት። ጸሐፊዋ ይሄ ይሆናል ወይ ብላ ዳኛዋን ጠየቀች። ዳኛዋ ይሆናል አለች። ፖሊስ የተከሰሰበት ጉዳይ ስላልሆነ ለጋዜጣው ዜና አልነበረም፤ አልላክሁም። ልጃቸው የተፈረመውን ወረቀት ለነርሲንግ ሆሙ ኮፒ ልታስደርግ ወደ ታች ወረደች። እሳቸው በዘጠኝ ሰዓት ሥራ ስለሚገቡ ቶሎ ብለው ኮታቸውን ለበሱ።